ተጫዋች የእጅ ጽሑፍ ፎንት ምንድን ነው?

«ጫጫታ» የሚለውን ቃል በእጃችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ሁለቱ «ጫ»ዎች ቁርጥ አንድ አይሆኑም፤ አንዱ ዘንበል ይላል፣ የሌላው እግር ይረዝማል። ተጫዋች የእጅ ጽሑፍ ፎንት የሚባለው ይህን አለመመሳሰል የሚኮርጅ የኮምፒውተር ፊደል ነው። ፊደላቱ እንደ ተሰለፈ ወታደር ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ ጫፋቸው እንደ ማርከር ይዶለዱማል።

ወገኑ ከዲስፕሌይ ፎንት ነው፤ ማለትም በትልቁ ተጽፎ ዓይን እንዲይዝ የተሠራ። የመጽሐፍ ገጽ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ፖይንት ነው፤ ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው። እንዲህ ያለው ፎንት ግን ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የሚያምርበት፦ የልጆች መጽሐፍ ሽፋን፣ የልደት ካርድ፣ ፖስተር፣ ሎጎ። ሦስት አራት ቃል ይበቃዋል። አንቀጽ ሙሉ ከተጻፈበት ያ ከፍ ዝቅ ማለቱ ዓይን ያደክማል።

ችግሩ ኮምፒውተር ሁለቱን «ጫ» አንድ አድርጎ መድገሙ ነው፤ የእጅ ጽሑፍ አለመሆኑ የሚነቃው እዚያ ላይ ነው። መፍትሔው ኦፕንታይፕ የሚባለው የፎንት ዓይነት ነው። ለአንድ ፊደል ሁለት ሦስት ቅርጽ ይይዛል፣ ጎረቤቱን እያየም ይቀያይራል፤ የምትጽፉበት ፕሮግራም ይህን ከፈቀደ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል ነው። የእኛ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ሁለት ሁለት ቅርጽ ይኑራቸው ከተባለ 462 ሥዕል። ሠሪው ቢሰንፍ አይፈረድበትም።

ከዘመዶቹ ዝነኛው ኮሚክ ሳንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የማይክሮሶፍቱ ቪንሰንት ኮናሬ፣ ቦብ በሚባል ፕሮግራም ውስጥ አንድ የካርቱን ውሻ በታይምስ ኒው ሮማን ሲናገር አየ። ውሻ በጋዜጣ ፊደል ሲያወራ አልተዋጠለትምና ከኮሚክ መጻሕፍት የንግግር አረፋ ተነስቶ አዲስ ፊደል ሠራ። ለቦብ አልደረሰም፤ በኋላ ግን ከዊንዶውስ ጋር ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ውስጥ ሂግስ ቦዞን የተባለችው ቅንጣት መገኘቷ ሲበሰር አንዱ ቡድን ስላይዱን በኮሚክ ሳንስ ጽፎ ብዙ ተቀልዶበታል። ለእኔ ጥፋቱ የፎንቱ አይደለም። ተጫዋች ሰው ኀዘን ወይም ቁም ነገር ሲያይ ይሰበሰባል፤ ፎንት መሰብሰብ አይችልም፣ የምንሰበስበው እኛ ነን። ስለዚህ ርዕሱን ለእሱ፣ ዝርዝሩን ለረጋ ፎንት መስጠት ይሻላል።

ፎንት ከማውረዳችሁ በፊት ግን የግዕዝ ፊደል እንዳለው እዩ። ከሌለው ኮምፒውተሩ ምንም ሳይናገር በሌላ ፎንት ይተካዋል፤ እንግሊዝኛው ሲጨፍር አማርኛው ደርቆ ይቀራል። «።»ን እና «፣»ንም ጻፉና ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።