«ብላን ደ ብላን»፦ ነጭ ከነጮች

«ብላን ደ ብላን» የፈረንሳይኛ አነጋገር ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ከነጮች የተገኘ ነጭ» ማለት ነው። ለሰሚው ትርፍ ንግግር ይመስላል። ነጭ ወይን ጠጅ ከነጭ ወይን ካልተጠመቀ ከምን ሊጠመቅ ነው? መልሱ ያለው አረፋማው ወይን ጠጅ ሻምፓኝ ከሚሠራበት ከፈረንሳዩ የሻምፓኝ አውራጃ የወይን ማሳ ነው።

እዚያ በብዛት የሚለሙት ፒኖ ኗርና ሜኒዬ ጥቁር ወይኖች ናቸው፤ ነጩ ሻርዶኔ ሲሶ ገደማ ነው። ጥቁር ላም ነጭ ወተት እንደምትሰጥ ሁሉ የጥቁሮቹም ጭማቂ ነጣ ያለ ነው፤ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ዘለላው በእጅ ይለቀማል፣ ሳይውል ሳያድርም በቀስታ ይጨመቃል። ፍሬው ቀድሞ ከፈረጠ ወይም መጭመቂያው ከበረታ ጭማቂው ይቀላል። አብዛኛው ነጭ ሻምፓኝ እንዲህ ጥቁር ወይን ያለበት ቅልቅል ነው። ከጥቁር ብቻ የተሠራው «ብላን ደ ኗር» ሲባል፣ ጥቁር ያልነካው ደግሞ «ብላን ደ ብላን» የሚል የራሱን ስም አገኘ።

«ነጮች» ተብሎ በብዙ ቁጥር መነገሩ ወይኖቹን ለማመልከት ነው። የሻምፓኝ አሠራር ደንብ እንደ ፒኖ ብላን፣ አርባንና ፔቲ ሜሊዬ ያሉ ነጮችንም ይፈቅዳል፤ በተግባር ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ሻርዶኔ ብቻ ነው። ከዚህ ዓይነት ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳው ሻምፓኝ ሠሪው ኤዤን ኤሜ ሳሎን ነው፤ ከአንድ መንደር፣ ከሜኒል ሱር ኦዤ፣ በሻርዶኔ ብቻ የሠራው የመጀመሪያው ምርት እ.ኤ.አ. የ1905 ነበር።

አንድ ወይን ብቻውን ሲቆም ጉድለቱን የሚሸፍንለት የለም፤ ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ከ4,000 ኪሎ ወይን መጀመሪያ 2,050 ሊትር፣ ቀጥሎ 500 ሊትር ጭማቂ ይወጣል። ሁለተኛው ኮምጣጣነቱ ያነሰና ሻከር ያለ ስለሆነ ጠንቃቃ ጠማቂ ለብላን ደ ብላን አይጠቀምበትም። ጠርሙስ ውስጥ እንደገና እንዲፈላ በሊትር 24 ግራም ያህል ስኳርና እርሾ ይጨመርበታል፤ ግፊቱ ወደ 6 አትሞስፌር ይደርሳል። ስኳሩ ከበዛ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል፣ ካነሰ አረፋው ይደክማል።

ደንቡ ቢያንስ 15 ወር በጠርሙስ፣ ከዚያ ውስጥ 12ቱን ከእርሾው አተላ ጋር እንዲቆይ ያዛል፤ በአንድ ዓመት የወይን ምርት ብቻ የተሠራ ከሆነ 3 ዓመት። ሻርዶኔ ገና ሳለ እንደ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ይቆመጥጣል፤ የተጠበሰ ዳቦና የለውዝ ጠረን የሚያመጣለት አተላው ላይ መቆየቱ ነው። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቅረብ፤ ከዚያ በታች ጠረኑ ይታፈናል። ቀለም በሌለው ጠርሙስ የታሸገውን ከብርሃን መከለል ግድ ነው፤ ብርሃን የድኝ ሽታ ያመጣበታል።

አነጋገሩ ከሻምፓኝ ውጭ አረፋ በሌለው ነጭ ወይን ጠጅ ላይም ይለጠፋል። እዚያ በእርግጥም ትርፍ ቃል ነው፤ ሻርዶኔ መሆኑንም አያረጋግጥም፤ የወይኑ ዓይነት በጠርሙሱ ላይ በስሙ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።