ባልቲሞር ሃርበር ላይ ስላሉት የድሮ መርከቦች የምንሰማው ወሬና እውነታው

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ያለን ሀበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ኋይት ሀውስን ካሳየን በኋላ ብዙ ጊዜ ወደ ባልቲሞር ኢነር ሃርበር ነው የምንነዳው፣ ውሃው ዳር ፎቶ እንነሳና አኳሪየም ገብተን እንወጣለን፣ መርከቦቹን ግን ከውጭ አይተን እናልፋቸዋለን። ስለነሱ የሚወራው ደሞ ግማሹ ልክ አይደለም። ቢሆንም አይፈረድብንም፣ አንዳንዱን ወሬ ያመጡት ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

«ኮንስተሌሽን በ1797 የተሰራችው መርከብ ናት»

ፒየር 1 (ፒየር የመርከብ መቆሚያው ነው) ላይ የቆመችው ሶስት ምሰሶ ያላት ትልቋ የሸራ መርከብ ማለቴ ነው። በ1797 እዛው ባልቲሞር ውስጥ ኮንስተሌሽን የምትባል የጦር መርከብ ተሰርታ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ግን እሷ በ1853 ቨርጂኒያ ያለው ጎስፖርት የባህር ሃይል ግቢ ውስጥ ፈራረሰች፣ እዛው ግቢ ደግሞ በ1854 አዲስ መርከብ ተሰራና ስሟ ተሰጣት። አሁን የምናያት ይቺኛዋን ነው። ነገሩ የተደበላለቀው በኋላ ነው፣ በ1914 ለበዓል ብለው የጥንቷን እንድትመስል አደረጓት፣ በ1955 ባልቲሞር ስትገባም ከተማው «ልጃችን ተመለሰች» ብሎ ተቀበላትና ለአስርት ዓመታት በ1797ቷ ስም ቱሪስት ሲጎበኛት ኖረ። በ1991 የወጣው የባህር ሃይሉ ጥናት ግን ነገሩን ዘጋው፣ ይቺኛዋ ከጥንቷ በ12 ጫማ ያህል ትረዝማለች፣ ይባስ ብሎ ለማስረጃ ሲቀርቡ ከነበሩት ወረቀቶች ውስጥ ፎርጅድ ሆነው የተገኙ አሉ። ከዛ ከ1996 እስከ 1999 በትልቅ ጥገና ወደ ትክክለኛው የ1854 መልኳ መለሷት። ስሟ የተዋሰችው ቢሆንም እኔን ብትጠይቁኝ የራሷ ታሪክ ይበልጣል፣ የሚቀጥለውን እዩ።

«እንደዚህ አይነት የድሮ መርከብ ባሪያ ሲያመላልስ የነበረ ነው»

ይሄንን ጥቁር እንግዶች ሁሉ ይጠረጥራሉ፣ መጠርጠራቸውም ልክ ነው፣ ግን ኮንስተሌሽን ስራዋ ተቃራኒው ነበር። ከ1859 እስከ 1861 የአሜሪካ የአፍሪካ ጓድ መሪ መርከብ ሆና ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ላይ ባሪያ ጫኞችን ስታድን ነበር። መስከረም 1860 ኮንጎ አካባቢ ኮራ የምትባል መርከብ አሳድዳ ስትይዝ ውስጥዋ 705 ሰው ታጭቆ ተገኘ። ሰባት መቶ አምስት! መርከቧ ላይ ስትወጡ የታችኛውን ወለል ጣሪያ ዝቅታ አይታችሁ ይሄን ቁጥር አስቡት፣ ኮራ ደሞ ከሷ በጣም የምታንስ መርከብ ነበረች።

ግን ይሄንንም ወደ ተረት እንዳንቀይረው። የተያዙት ሰዎች የወረዱት ሞንሮቪያ፣ ላይቤሪያ ነው፣ ወደየቤታቸው የመለሳቸው የለም። በዛ ላይ አሜሪካ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን ከልክላ በህግ ስታሳድድ ባርነቱ ራሱ አገር ውስጥ ህጋዊ ነበር፣ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 1864 ድረስ። በኋላ ታዋቂ የፀረ ባርነት ታጋይ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ራሱ ከሃርበሩ በእግር በሚደረስበት ፌልስ ፖይንት ባሪያ ሆኖ መርከብ ሲሰራ የነበረ ሰው ነው፣ በሳንቃዎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ቃጫ እየጠቀጠቀ ሬንጅ መቀባት ነበር ሙያው፣ ደሞዙን የሚወስደው ጌታው ነው፣ በ1838 ያመለጠውም ከዚሁ ከተማ ነው። እና ሃርበሩ ላይ ሁለቱም ታሪክ አለ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በ1880 አየርላንድ ውስጥ ረሃብ ሲገባ ይቺው የጦር መርከብ መድፎቿን አውርዳ ዱቄትና ድንች ጭና ሄዳለች። የእርዳታ ስንዴ ሲባል ሰምተን ያደግን ሰዎች ነገሩ ቶሎ ይገባናል።

«ቴኒ ፐርል ሃርበር ውስጥ ነበረች»

ፒየር 5 ያለችው ነጯ የኮስት ጋርድ (የባህር ጠረፍ ጥበቃ) መርከብ ናት። ጃፓን ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ የባህር ሃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን በመታችበት በታህሳስ 7፣ 1941ዱ ጥቃት ጊዜ አዎ ተኩሳለች፣ ያን ቀን ከተዋጉት የጦር መርከቦች ውስጥ እስካሁን ውሃ ላይ ያለችውም እሷ ብቻ ናት፣ ግን የቆመችው ሆኖሉሉ ወደብ ነበር፣ ፐርል ሃርበር ውስጥ አይደለም። ስሟን ደሞ እዛ ብትፈልጉት አታገኙትም፣ የተሰየመችለት ዳኛ ሮጀር ቴኒ በ1857 የድሬድ ስኮትን ፍርድ የጻፈ፣ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ያለ ሰው ስለሆነ በ2020 ስሙ ተነስቶ አሁን በቁጥሯ ነው የምትጠራው።

«ሰርጓጅ መርከብ ሁሌ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው»

አፏ ላይ የሻርክ ጥርስ የተሳለባት ቶርስክ እንደዛ አልነበረችም። የዛ ዘመን ሰርጓጅ አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን በዲዝል ነው የሚሄደው፣ ዲዝሉ አየር ስለሚፈልግ፣ ሲጠልቅ በባትሪ ይሄድና ባትሪው ሲደክም ወጥቶ ቻርጅ ያደርጋል። ቶርስክ በእድሜዋ ከ10,000 ጊዜ በላይ ጠልቃ ወጥታለች፣ ነሐሴ 14፣ 1945 የመታቻቸው የጃፓን መርከቦችም በጦርነቱ በቶርፒዶ የሰጠሙ የመጨረሻዎቹ የጠላት የጦር መርከቦች ናቸው። ውስጥ ስትገቡ አልጋዎቹ ከቶርፒዶዎቹ ጎንና በላይ ተንጠልጥለው ታያላችሁ። ከክፍል ወደ ክፍል የሚታለፈው እግር በጣም አንስቶ፣ ወገብ ጎንበስ ብሎ ስለሆነ ጉልበት የሚያማቸውን እናትና አባት ይዛችሁ አትግቡ፣ ነጠላም እዛ ውስጥ መከራ ነው።

«ቀዩ መርከብ የሚጠቅመው ለፎቶ ነው»

ቼሳፒክ ትባላለች፣ የ1930 ስሪት፣ ስራዋ አንድ ቦታ መልህቅ ጥሎ መብራት ማብራት ነበር። ማማ መስራት በማይመችበት ባህር ላይ መብራቱ በመርከብ ይቆማል። ማዕበል ሲመጣ ሌላው መርከብ ወደ ወደብ ይሸሻል፣ የሷ ሰዎች ግን እዛው መቆየት አለባቸው። ፒየር 5 ያለው ቀይ ክብ ቤትም መብራት ቤት ነው፣ የ1855፣ ግን እዛ አልተሰራም፣ ከፓታፕስኮ ወንዝ አፍ በ1988 ተነቅሎ የመጣ ነው።

«እኛ ባህር የለንም፣ መርከብ ምን ያደርግልናል»

ባህር ሃይል ነበረን እኮ። «ኢትዮጵያ» የምትባለው ዋናዋ መርከባችን ራሷ አሜሪካ ውስጥ የተሰራች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኦርካ በሚል ስም ያገለገለች ነች፣ በ1962 ነው ለኛ የተሰጠችው። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች። የነዚህን መርከቦች እድሜ ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች።

«መግቢያው ውድ ነው»

ፒየሮቹ ላይ መሄድና ከውጭ ማየት ነፃ ነው፣ ትኬት የሚያስፈልገው መርከብ ላይ ለመውጣት ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ኮንስተሌሽንና ቶርስክን ብቻ እዩ። መርከቦቹ ለጥገና ስለሚዘጉ መጀመሪያ ዌብሳይታቸውን ቼክ አድርጉ። ኪስ የሚጎዳው ፓርኪንጉ ነው፣ ከዲሲ በማርክ ባቡር መሄድ ይቻላል፣ ካምደን ጣቢያ የሚወርደው ለሃርበሩ ቅርብ ነው ግን የሚሰራው በስራ ቀን ብቻ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ያለው ፔን ላይን ስለሆነ ከወረዳችሁ በኋላ ሌላ ትራንስፖርት ያስፈልጋል።