የሙቀት ምርምር በወሎ፦ ከምጣዱ እስከ ጆርናሉ

ወሎ ለሙቀት ተመራማሪ የታደለ አገር ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ለመግባት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከፍታው ግን ወደ 1,850 ሜትር ይወርዳል። በባቲ በኩል ለሚቀጥል ደግሞ የአፋር ቆላ ቅርብ ነው። በአንድ ቀን መንገድ የአየር ግፊቱም፣ ሙቀቱም፣ እርጥበቱም ይለወጣል። ሌላ ቦታ ይህን ለማግኘት ግፊት የሚቆጣጠር ውድ ክፍል መሥራት ያስፈልጋል።

ተቋማቱም አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ደሴ ሲሆን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ወደ ሰሜን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ኮምቦልቻ ራሷ የፋብሪካ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ አላት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ጨርቅ ማቅለምም ሆነ ቢራ መጥመቅ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ የቦይለር፣ የቧንቧ ሽፋንና የሚባክን ሙቀት ጥያቄ ለመምህሩም ለተማሪውም ቅርብ ነው።

ሙቀት በሦስት መንገድ ይሄዳል፦ በጠጣር አካል ውስጥ፣ በሚንቀሳቀስ አየር ወይም ፈሳሽ፣ እና በጨረር። የሙከራ ተመራማሪ ሥራ ይህን በመሣሪያ መለካት ነው። ልኬቱ የት እንደተወሰደና ምን ያህል እንደሚታመን ካልተጻፈ ግን ቁጥሩ ለአንባቢ አይጠቅምም። የወሎ ከፍታ ይህን ከሌላው ቦታ ይበልጥ ያጎላዋል።

ቴርሞካፕልን፣ ማለትም ከሁለት ዓይነት የብረት ሽቦ የተሠራውን የሙቀት መለኪያ፣ እንውሰድ። ብዙ ጊዜ የሚፈተሸው በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውሃ ነው። በረዶው ደሴም ላይ በዜሮ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ችግር የለም። ውሃ ግን ደሴ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በ94 ገደማ ነው። ደሴ ላይ በመጽሐፉ መሠረት 100 ብሎ የመዘገበ ሰው ገና ሥራው ሳይጀመር የስምንት ዲግሪ ስህተት ይዞ ተነስቷል። መፍትሔው ቀላል ነው። የዕለቱን የአየር ግፊት በባሮሜትር መለካትና ውሃ በዚያ ግፊት በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ከእንፋሎት ሰንጠረዥ ማንበብ ነው።

አየሩም የራሱ ተጽዕኖ አለው። በእኩል ሙቀት ሲነጻጸር የደሴ አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየር በራሱ እየሞቀ ሲነሳ የሚወስደው ሙቀት እዚህ ያንሳል። የጸሐይ ማድረቂያን የሞከረ ተመራማሪ ውጤቱን ከቆላ አገር ውጤት ጋር ሲያወዳድር ይህን ካልጠቀሰ ንጽጽሩ ይፈርሳል።

የአካባቢው ዋና የምርምር ርዕስ መሆን ያለበት ግን፣ በእኔ እምነት፣ ምጣድ ነው። እንጀራ መጋገር በኢትዮጵያ ቤቶች ብዙ ማገዶ ከሚበሉ ሥራዎች አንዱ ነው። ለመለካትም ይመቻል። ሊጡን ከመጋገሩ በፊት፣ እንጀራውን ደግሞ ከወጣ በኋላ መመዘን ነው። ልዩነቱ የተነነው ውሃ ነው። አንድ ኪሎ የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመቀየር 2,260 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ሊጡን ለማሞቅ የሄደውን ጨምሮ ከእንጨቱ ወይም ከመብራቱ ለገባው ኃይል ሲያካፍሉት የምድጃው ብቃት፣ ማለትም ከገባው ኃይል ለመጋገሩ የዋለው ድርሻ፣ ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ጽሑፎች ይሰናከላሉ። የሸክላ ምጣድ ወፍራም ነው፤ የመጀመሪያው እንጀራ ከመጣሉ በፊት ራሱ ብዙ ሙቀት ይጠጣል። አምስት እንጀራ ጋግሮ ያቆመና ሠላሳ የጋገረ ሰው በዚያው ምጣድ ሁለት የተለያየ ብቃት ያገኛሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ የእንጀራው ብዛት፣ የሊጡ ክብደት፣ አክንባሎው የተከደነበት ጊዜ፣ የእንጨቱ ዓይነትና እርጥበት በጽሑፉ ውስጥ መግባት አለባቸው። ከጉልቻ ይልቅ ማገዶ የሚቆጥበው ምርጥ ምድጃም በትክክል የሚመዘነው ይህ ሁሉ እኩል ሲሆን ነው። ልምድ ያላት ጋጋሪ ከሙከራው መቅረት የለባትም። እሳቱን የምትቆጣጠረው እሷ ናት፤ ጋጋሪዋ ስትቀየር ውጤቱም ይቀየራል።

ከዚያ የስህተት ወሰን፣ ማለትም ውጤቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል፣ ይመጣል። ክላይንና ማክሊንቶክ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጡት የስሌት ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። ለምሳሌ ውሃ በቧንቧ ሲያልፍ 4 ዲግሪ ሞቀ እንበል። መግቢያና መውጫ ላይ ያሉት ቴርሞሜትሮች እያንዳንዳቸው ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳቱ፣ የሁለቱ ስህተቶች ካሬ ተደምሮ ካሬ ሥሩ ሲወሰድ በልዩነቱ ላይ ያለው ስህተት 0.7 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ወደ 18 በመቶ ነው። እንግዲህ «አዲሱ ንድፍ 10 በመቶ አሻሻለ» የሚል ድምዳሜ በዚህ መሣሪያ አይጸናም። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ጆርናሉ፣ ማለትም የምርምር መጽሔቱ፣ የሚልክላቸው ገምጋሚዎች ቀድመው የሚፈልጉት ይህንን ስሌት ነው። ስሌቱ ከሌለ ጥሩ ሙከራም ሪጀክት ይደረጋል።

ኅትመቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። አርታኢው ጽሑፉን መጀመሪያ ራሱ ያያል፤ ከጆርናሉ ጋር ካልሄደ ወዲያው ይመልሰዋል። ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት ገምጋሚዎች ጋ ይሄዳል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለሙከራ ሥራ «ኤክስፐሪሜንታል ሂት ትራንስፈር» የተባለው ጆርናል ይታወቃል። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው «ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ሂት ኤንድ ማስ ትራንስፈር» ሰፋ ያለ ነው። በአገር ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «ዘዴ» አለ።

የወሎ ቤተ ሙከራዎች ግን ከባድ ጊዜ አሳልፈዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ተዘርፏል፤ ወድሟልም። መሣሪያ ሲጠፋ የተጀመረ ሙከራ ይቆማል። የቆየ ዳታ ኮፒው ሌላ ቦታ ካልተቀመጠ አብሮ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ሚዛን፣ ባሮሜትርና ጥቂት ቴርሞካፕል ብቻ የሚጠይቀው የምጣድ ምርምር ትልቅ ዕድል ነው።

የገንዘቡ ነገር ብዙ ጀማሪዎችን ያስደነግጣል። ለአንባቢ ሁሉ በነጻ ክፍት የሆኑ ጆርናሎች ደራሲውን ከ2,000 ዶላር በላይ ሊጠይቁ ይችላሉ። በቀናት ውስጥ እንቀበላለን እያሉ ኢሜይል የሚልኩት ደግሞ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ግምገማ የሚያትሙ ናቸው፤ ለደረጃ እድገት ተብሎ እዚያ የተላከ ጥሩ ዳታ ያሳዝናል። አንባቢው የሚከፍልባቸው ጆርናሎች አብዛኛውን ጊዜ ከደራሲው ምንም አይጠይቁም። ሙሉ በሙሉ ክፍት ከሆኑት ውስጥም ብዙዎቹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች ለሚልኩ ደራሲያን ክፍያውን ይተዋሉ፤ ኢትዮጵያም ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ በሚላክበት ጊዜ ነው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ቢጠየቅ ብዙ አሳታሚዎች እሺ አይሉም።