ሙቀት ስለሚቋቋሙ ፕላስቲኮች የሚባለውና እውነታው

ቃጫ ወይም ሌላ ጭማሪ ስለተቀላቀለባቸው ሙቀት ቻይ ፕላስቲኮች ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ስንት ዲግሪ ይችላል?» ብሎ ነው። ይህ የጥያቄው ግማሽ ብቻ ነው። ምን ያህል ጫና ተሸክሞ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ካልታከለበት መልሱ ያሳስታል።

«ፕላስቲክ ሁሉ ሲሞቅ ይቀልጣል።»
ቤክላይትን የመሰለው ግን አይቀልጥም። የድስት እጀታ የሚሠራበት ይህ ቁስ አንዴ በሙቀት ከጠነከረ ሙቀቱ ሲበዛበት ይከስላል እንጂ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም።

«እስካልቀለጠ ድረስ ጥንካሬው አይጓደልም።»
ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ የማሽን ክፍል የሚያስጎብጠውም ይኸው ነው። ናይለን 66 የተባለው የናይለን ዓይነት የሚቀልጠው በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ጫና ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ከቁሱ የተቆረጠ ዘንግ በሁለት ድጋፎች ላይ ይጋደማል፣ መሃሉ ላይ ክብደት ይጫናል፣ ከዚያም ዘይት ውስጥ ተነክሮ ዘይቱ በየደቂቃው 2 ዲግሪ እየጨመረ እንዲሞቅ ይደረጋል። ዘንጉ ሩብ ሚሊሜትር በጎበጠበት ቅጽበት የዘይቱ ሙቀት ይመዘገባል። ምንም ያልተቀላቀለበት ናይለን 66 በ1.8 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ጫና ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ውስጥ እጅ ይሰጣል። 30 በመቶ የመስታወት ቃጫ ሲገባበት ግን እስከ 250 ዲግሪ ገደማ ይዘልቃል። የመቅለጫ ነጥቡ ንቅንቅ አላለም፤ ናይለኑ ሲለሰልስ ሸክሙን ቃጫው ስለሚረከብ ነው። በአንጻሩ ቴፍሎን 260 ዲግሪን ለረጅም ጊዜ ይችላል፤ ሆኖም ጫና ሲቆይበት ሳይሞቅ እንኳ ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለቃል። የነሐስ ዱቄት ወይም ግራፋይት የሚቀላቀልበትም ይህን ለመቀነስና በፍትጊያ ቶሎ ተበልቶ እንዳያልቅ ነው።

«ጭማሪ ዋጋ ለማርከስ የሚደረግ ማጭበርበሪያ ነው።»
ለዋጋ ሲባል የሚጨመር የድንጋይ ዱቄት መኖሩ አይካድም። ነገር ግን የቶዮታ ተመራማሪዎች ናይለን 6 ውስጥ 5 በመቶ የማይሞላ፣ እጅግ የደቀቀ የሸክላ አፈር በትነው ቁሱ በጫና የሚጎብጥበትን ሙቀት ከ65 ወደ 150 ዲግሪ ገደማ አድርሰውታል። ይህን ማጭበርበር ማለት ግፍ ነው።

«እንግዲያውስ ብዙ ሲጨመር ይበልጥ ይጠነክራል።»
ደቃቅ ብናኝ ከልክ ሲያልፍ ይጓጉላል፤ ስንጥቁም የሚጀምረው ከጉጉሉ ነው። ግትርነቱ ሲጨምር ድንገተኛ ምት የመቋቋም አቅሙ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቃጫውና ፕላስቲኩ በደንብ ካልተጣበቁ ደግሞ መብዛቱ ፋይዳ የለውም።

«ሙቀት ቻይ ከሆነ እሳት አይነካውም።»
እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በቆመ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ላይ እሳት ተነሳ። መነሻው አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በአደጋ ጊዜ የሚጠቁመው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነበር። የብሪታንያ መርማሪዎች እንደደረሱበት የባትሪው ኃይል ካለቀ በኋላም በጣሪያው ኮምፖዚት (ቃጫና ፕላስቲክ ሙጫ ተዋህደው የተሠራ ቁስ) ውስጥ ያለው ሙጫ ማገዶ ሆኖ እሳቱ ቀስ እያለ ተስፋፍቷል። እሳትን ለማዘግየት የሚጨመሩ ነገሮች አሉ፤ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ለምሳሌ ከ200 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ውሃ እየለቀቀ ያቀዘቅዛል። ነገር ግን በሚገባ እንዲሠራ ብዙ ጊዜ ከቁሱ ክብደት ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ይህን ያህል ዱቄት የገባበት ፕላስቲክ ደግሞ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል።