ኮምፒውተር እንዴት ይነሳል? ከባዮስ እስከ ከርነል

ኮምፒውተር ተዘግቶ ሲከፈት ራሙ ባዶ ነው። ራም መብራት ሲቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል። ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ የተቀመጠው ዲስክ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከዲስክ ፋይል ማንበብ በራሱ አያውቅበትም፤ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ታዲያ ያንን የመጀመሪያ ፕሮግራም ማን ይጭንለታል? ቡት ማድረግ የሚባለው ሂደት ለዚህ ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ተነስቶ ከሱ ከፍ ያለውን ይጭናል፣ ያም ተራውን ቀጣዩን ይጭናል። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ሰንሰለቱ የቱ ጋ እንደተበጠሰ የሚለይ ሰው ያለምክንያት ፎርማት አያደርግም፤ ዳታውም ይተርፍለታል።

ድሮ ይህ ሥራ የሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አልቴር 8800 ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረውም። ፊቱ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩት። ባለቤቱ እነሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ፕሮግራሙን ባይት በባይት ያስገባል። ያ አጭር ፕሮግራም ሲያልቅ ትልቁን ፕሮግራም ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ ማንበብ ይጀምራል። መብራት ከጠፋ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ነው።

መፍትሔው የመጀመሪያውን ፕሮግራም መብራት ቢጠፋም በማይረሳ ቺፕ ላይ ማስቀመጥ ሆነ። ነሐሴ 12 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው አይቢኤም ፒሲ ባዮስ የሚባለውን ፕሮግራም በዚህ መልክ ይዞ መጣ። ስሙ የመጣው ጋሪ ኪልዳል ከሠራው ሲፒኤም ከተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። የዚህ ቺፕ ታሪክ ከቴክኒክም በላይ ነው። የአይቢኤም ማሽን አብዛኛው ዕቃ ከገበያ የሚገዛ ነበር። ተፎካካሪ እንደልቡ ሊገለብጠው ያልቻለው ባዮሱን ነው፤ የቅጂ መብት ነበረበት። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ዘዴ አበጀ። የአይቢኤምን ኮድ አይተው የማያውቁ መሐንዲሶች፣ ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ ተነግሯቸው፣ አዲስ ባዮስ ከባዶ ጻፉ። ኮምፓክ ፖርተብል በ1982 ይፋ ሆነ። ፊኒክስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1984 የራሱን ባዮስ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ የተለያየ ፋብሪካ ላፕቶፕ አንዱን ዊንዶውስ ማስነሳት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ በዚህ መስክ ከተሠሩት ሁሉ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ሥራ ነው።

አሁን ቁልፉ ሲጫን የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ ቮልቴጁ እስኪረጋ ይጠብቃል። ሲረጋ ዕቃዎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ምልክት ይልካል። እስከዚያ ፕሮሰሰሩ ታግዶ ይቆያል። ሲለቀቅ በቀጥታ ወደ አንድ የታወቀ አድራሻ ይሄዳል። በጥንቱ የኢንቴል ፕሮሰሰር በ8086 ላይ ያ አድራሻ 1 ሜጋባይት ሊሞላ 16 ባይት ሲቀረው ነው። በኋላ ከመጣው 386 ወዲህ ደግሞ 4 ጊጋባይት ሊሞላ 16 ባይት ሲቀረው። በ16 ባይት ውስጥ ብዙ ነገር አይጻፍም። ስለዚህ እዚያ የሚገኘው «ወደዚህኛው ቦታ ዝለል» የሚል ትዕዛዝ ነው። ማዘርቦርዱ ያንን አድራሻ የሚያገናኘው ከራም ጋር ሳይሆን ከባዮሱ ቺፕ ጋር ነው።

በዚህ ሰዓት ራሙ ገና አይሠራም። ፍጥነቱና የሲግናሉ ጊዜ መስተካከል አለበት። በብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ እስከዚያ ካሽ በሚባለው በውስጡ ባለ ትንሽ ማስታወሻ እንደ ራም ይጠቀማል። ዲዲአር5 ራም አዲስ ሲገጠም ይህ ማስተካከያ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ስክሪኑም ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ተበላሸ ብሎ ሶኬት ከመንቀል ትንሽ መታገስ ይሻላል።

ከዚያ ባዮሱ ራሙን፣ የስክሪን ካርዱንና ሌላውንም ዕቃ ይፈትሻል። ችግር ካገኘ ብዙ ማዘርቦርዶች በጡሩምባ ድምፅ ወይም በመብራት ያሳውቃሉ። ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ምንም ካላሳየ ሰንሰለቱ የተበጠሰው እዚህ ነው። ዲስኩ ገና አልተነካም። ፎርማት ማድረግ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ራሙን ነቅሎ፣ አጽድቶ መመለስ ግን ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ማዘርቦርዱ ላይ የኮምፒውተሩን ሰዓት የምትጠብቀው ሳንቲም የምታህለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ስታልቅ ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አላምንም ይላል፤ የሰርተፍኬታቸው ቀን አልገጥም ይለዋላ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት አገር፣ በተለይ ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ፣ ይህ የተለመደ ነው። ኢንተርኔቱ ከመወቀሱ በፊት ሰዓቱን ማየት ነው።

ፍተሻው ካለፈ ተራው የዲስኩ ነው። የድሮው ባዮስ ከዲስኩ የመጀመሪያዎቹን 512 ባይቶች ብቻ ያነባል። ከነሱ 446ቱ ፕሮግራም ናቸው፣ 64ቱ የአራት ፓርቲሽኖች (ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች) ሰንጠረዥ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ 85 እና 170 የሚሉ ቁጥሮች። ሁለቱ ቁጥሮች ከሌሉ ባዮሱ ያንን ዲስክ እንደማይነሳ ይቆጥረዋል። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» የሚለው መልእክት ሲመጣ ማዘርቦርዱና ራሙ ሥራቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው። የቀረው የዲስኩ፣ የገመዱ ወይም ሳይነቀል የተረሳ ፍላሽ ጉዳይ ነው።

ያ ሰንጠረዥ ከ2.2 ቴራባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢታንየም ለተባለው ፕሮሰሰሩ አዲስ አሠራር ጀመረ። ከ2005 ወዲህ ዩኢኤፍአይ በሚል ስም የብዙ ኩባንያዎች የጋራ ሥራ ሆኗል። ዩኢኤፍአይ 512 ባይት ላይ አይወሰንም፤ ፋይል ማንበብ ያውቃል። ዲስኩ ላይ ለሱ ብቻ የተለየች ትንሽ ፓርቲሽን አለች፣ የማስነሻ ፕሮግራሞቹ እዚያ ይቀመጣሉ። «ምንም የለባትም» ተብላ ስትሰረዝ ሙሉው ማሽን አልነሳ ይላል። ሴኪዩር ቡት ደግሞ የታወቀ ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ማስነሻ ይከለክላል። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በፊት የሚነሳ ቫይረስ በአንቲቫይረስ ለመያዝ ከባድ ነው። በ1998 የተሠራው ሲአይኤች ቫይረስ የባዮስ ቺፕን ጭምር እስከማጥፋት ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ግረብ የተባለው የሊኑክስ ማስነሻ ወይም የዊንዶውስ ማስነሻው ከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ራም ላይ ይጭናል። ከርነሉ ዕቃዎቹን በድራይቨሮቹ፣ ማለትም እያንዳንዱን ዕቃ በሚያሠሩት ፕሮግራሞች፣ ይረከባል። ሊኑክስ ላይ ቁጥር 1 የሚባለውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ያስነሳል፤ ተጠቃሚው የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች የሚወለዱት ከሱ ነው። የዊንዶውስ አርማ ታይቶ ሀንግ ካደረገ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ተበላሸ ፋይል ይሂድ።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል። ፋስት ስታርትአፕ ከበራ ሻትዳውን ሲደረግ ከርነሉ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያለበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ይቀመጥና በማግስቱ እንዳለ ይመለሳል። ድራይቨር ሲያስቸግር ዘግቶ መክፈት የማይበቃው ለዚህ ነው። ከሥሩ እንደ አዲስ የሚያስነሳው ሪስታርት ነው።