ለጓዳችሁ ብልቃጥ አትግዙ

የሰው ጓዳ ማስተካከል ሥራዬ ነው። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስንት ብልቃጥ ልግዛ?» ጓዳውን ገና አላየሁትም። እሱም ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። ይህን ጥያቄ መስማት በጣም ስለሰለቸኝ ከእሱው ልጀምር።

«ጓዳ የሚስተካከለው አንድ ዓይነት ብልቃጥ ሲደረደርበት ነው» ይባላል። አይደለም። ጓዳን የሚያዝረከርከው ፌስታል ነው። ፌስታል አይቆምም፣ አይደራረብም፤ አንዴ ከተቋጠረ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ ይረሳል። ያለው ስለተረሳ ሌላ ይገዛል፣ እሱም ተቋጥሮ ከኋላ ይገባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ባለቤቷ ሁለት ደርዘን ብልቃጥ ገዝታ ነው የጠበቀችኝ። «እሱ ይቆየን» ብያት ጓዳው ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥተን ኬሻ ላይ ዘረገፍነው። አራት ቦታ የተቋጠረ ቀይ ምስር አገኘን። ሦስት የተጀመረ ፓስታ። ከሁሉም ታች፣ ከዘይት ጀሪካኑ ጀርባ፣ እናቷ ከክፍለ ሀገር የላኩላት በሶ ነበር። ሻግቷል። ልጅቷ ያንን ስታይ እንባዋ መጣ። በሶውን ዓይኗ የሚያርፍበት ቦታ ብታስቀምጠው ኖሮ በፌስታሉም ቢሆን ሳይሻግት ይበላ ነበር።

ከዚያ ቤቱን ዞርን። አልጋ ሥር ዘጠኝ ባዶ ሃይላንድ፣ ብፌው ላይ ሁለት የኒዶ ጣሳ፣ የማር ብልቃጦች፣ የጫማ ካርቶን። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከ1 ኪሎ ተኩል በላይ ምስር ይይዛል። አፉ ጠበበ ካላችሁ የሌላ ሃይላንድ አናት ቆርጣችሁ፣ ገልብጣችሁ አፉ ላይ ያዙት፤ አንድ ፍሬ መሬት አይወርድም። ታጥቦ ግን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተዘቅዝቆ ይድረቅ፣ ጠብታ ውሃ ከቀረበት እህሉን ያሻግተዋል። የጫማ ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ እንደ መሳቢያ አስገባነው፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ አብሹ፣ በየብጣሹ የተቋጠረው ሁሉ እዚያ ገባ። ብልቃጦቹ እስከ ማታ ከካርቶናቸው አልወጡም።

«እንግዲያው ያገኘነው ዕቃ ሁሉ ይሆናል» እንዳትሉኝ ደግሞ። በረኪና ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጠርሙስ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም። ኮረሪማ የነበረበት ፕላስቲክም ሽታው አይለቅም፣ ስኳር አታድርጉበት።

ሌላው የሚያናድደኝ «ነቀዝ የሚገባው ቆሻሻ ቤት ነው» የሚለው ነው። ስንት ንጹሕ ሴት በዚህ አፍራ እህሏን ደብቃ ደፍታለች! የሽምብራና የባቄላ ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይጥላል፣ ትሉ ሰርስሮ ውስጥ ይገባል፣ እዚያው አድጎ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ እንቁላሉ ከገበያ አብሮ የመጣ ነው። በደንብ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያላችሁ አዲስ የገዛችሁትን ቢያንስ 4 ቀን አስቀምጡበት። ስታወጡት የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱት፣ ያረጥበዋል። ፍሪዘር ከሌለ በትንሽ በትንሹ ግዙ፣ ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑ፣ በየሳምንቱ እዩት። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ ጭንቀታችሁን ለሽምብራው አድርጉት።

«ሽሮ ከወፍጮ እንደመጣ ይከደን።» አይከደን! ትኩስ ነው፣ ክዳኑን ያልበዋል። ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ይብረድ።

«ድንችና ሽንኩርት አብረው ይቀመጣሉ።» አይቀመጡም፣ ድንቹ የሚለቀው እርጥበት ሽንኩርቱን ያበላሸዋል።

«በርበሬ መስኮት ዳር ሲቀመጥ ያምራል።» ለሁለት ሳምንት ያምራል፤ ከዚያ ብርሃኑ ቀለሙን ይበላዋል። የእናቶቻችን ጣሳ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያም አይሆነውም፣ እንፋሎት አለ።

«አዲሱን ከአሮጌው ላይ መጨመር ነው።» ተዉ! አሮጌው ሁልጊዜ ሥር ይቀራል። መጀመሪያ አሮጌውን ገልብጡት፣ አዲሱ ከታች ይግባ፣ አሮጌው ከላይ ይመለስ።

«የራሴን ጓዳ አላጣውም፣ ስም መጻፍ ምን ያደርጋል?» እናንተ አታጡትም። ባላችሁስ? ልጃችሁስ? ለማገዝ የመጣችው እህታችሁስ? አንድ ቤት ሁለት እኩል ጣሳ ጎን ለጎን ነበር፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሚጥሚጣ። ለእንግዳ የተሠራ ዶሮ ወጥ ውስጥ ሚጥሚጣው ገባ፣ ሁለት ማንኪያ ሙሉ። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲቁላላበት የዋለው ወጥ ሳይበላ ተነሳ። አሁን ሁለቱም ጣሳ ላይ ነጭ ፕላስተር አለ፣ በልጃቸው እጅ በትልቁ የተጻፈበት።