የተሸጠው ከብትና በረት የቀረው

በ2020 ኮሮና ገበያውን ሲያናጋ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች በቀጥታ የሚከፈል 16 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ግራ የሚያጋባው የከብቱ ስሌት ነው። ለአንዱ ከብት 214 ዶላር፣ ለሌላው 33። ለምን?

ነገሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ከጃንዋሪ 15 እስከ ኤፕሪል 15 የተሸጠ ከብት በዓይነቱ ይታሰብ ነበር። ለእርድ የደለበ ሰንጋ 214 ዶላር ያስገኝ ነበር፤ ከ600 ፓውንድ በታች የሆነ ጥጃ 102። ይህ ክፍያ ዋጋ በመውደቁ የደረሰውን ኪሳራ ለማካካስ ነበር። ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ 14 በረት ውስጥ የነበረው ደግሞ፣ ሰንጋም ሆነ ጥጃ፣ ለእያንዳንዱ 33 ዶላር ብቻ። ይኼኛው ለገበያው መስተጓጎል የተሰጠ ድጎማ ነበር።

ደግነቱ፣ በረት የቀረው ከብት የሚቆጠረው ብዙ በነበረበት ቀን ነበር። ኤፕሪል 20 ላይ 100 ከብት ኖሮህ ሜይ 10 ላይ 60 ቢቀርህ፣ በ100 ታስቦ 3,300 ዶላር ታገኝ ነበር።

ጣሪያው ለአንድ ሰው 250,000 ዶላር ነበር። ብድር ስላልነበረ አይመለስም ነበር። ግብር ግን ይከፈልበት ነበር፤ እሱ መቼም አይቀርም።